አልጌው ተመለሰ

በሕይወቴ ያልጠገንኩት ነገር ቢኖር ያልተበላሸ ነገር ብቻ ነው። ባለቤቴ አስካለ ይህን ስትሰማ፣ «እሱንም መጀመሪያ አበላሽተህ ጠግነኸዋል» ትላለች፤ እሷን አትስሟት። ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ ጊዜም የኮተቤ ወፍጮ ቤት ሞተር በእነዚህ እጆች አልፈዋል። አስተማሪ አልነበረኝም። ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እየዘረጋሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው ከዚህ የደረስኩት። ሌላው ሰው ስኳሩን ጨርሶ ወረቀቱን ሲጥል፣ እኔ ስኳሩን ጨርሼ ዕውቀቱን አስቀረሁ። ለዚህ ነው ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ዳገት እስከ ካራ ድረስ «ጋሼን ጠይቁ» ከተባለ የትኛውን ጋሼ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የማይገኘው።

በዚህ ሁሉ ዕውቀቴ መሃል ግን አንድ ጊዜ አልጋዬ ታስሮብኛል። አዎ፣ እኔ ሳልሆን አልጋዬ። ስለዚህ ነገር በሰፈራችን የሚወራውን የሰማችሁ ካላችሁ አትመኑት፤ በጣም የተጋነነ ነው። እውነተኛው ታሪክ ከዚያ የባሰ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዛሬ ክፍለ ከተማ የምትሉት ያኔ «ከፍተኛ» ይባል ነበር፤ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነበር የሚገኘው፤ ሰውም ከአፉ የሚወጣውን ቃል እንደ ስኳሩ በራሽን ያወጣ ነበር። ከአጥራችን ማዶ ዶክተር ሉድሚላ የምትባል፣ ከሶቭየት ኅብረት የመጣች የዓይን ሐኪም ትኖር ነበር። ቁመቷ ከበራችን በላይ፣ ሳቋ ከአጥራችን በላይ ነው። የአስካለን የቀኝ ዓይን ሞራ የገፈፈችላት እሷ ናት። አስካለ ስንት ዓመት ጉም ስታይ ኖራ ፋሻው ሲፈታላት መጀመሪያ ያየችው የዶክተሯን ሰማያዊ ዓይን ነው፤ ሁለተኛ ያየችው እኔን ነው። «አንደኛው ይበቃል፣ ግራውን ተዪው» አለቻት። ቀልዷን ነው። የግራው ተራ ዶክተሯ ከዕረፍት ስትመለስ እንዲሆን ተቀጠረ።

ዶክተሯ ቤት አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ አሸዋ፣ ድንጋይና የውኃ ሳር ነው፤ በሳሩ መሃል ደግሞ ከትንሿ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ፣ እንደ ብርጭቆ ወዲያ ማዶ የሚያሳዩ፣ እግራቸው ተቆጥሮ የማያልቅ ፍጥረቶች ይርመሰመሳሉ። ዘራቸውን ከአገሯ በጠርሙስ ይዛ የመጣች ናት። «ክሬቬትካ» ትላቸዋለች። ዛሬ የተማሩ ልጆች ሽሪምፕ ይሏቸዋል። አስካለ ግን ስሙ አልያዝላት ሲል «ክረምትካ» አለቻቸውና ሰፈሩም ክረምትካ ብሎ ቀረ። መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን፣ «በስመ አብ! በረሮ ሲዋኝ ላሳይሽ ብላ ነው ዓይኔን ያበራችልኝ?» ብላ አማትባ ነበር። በኋላ ለመደቻቸው። ቆማ ታያቸውና፣ «ከሰው የሚሻሉበት ነገር አለ፤ ሲበሉ ስለ ራሳቸው አያወሩም» ትላለች። ማንን እንደምትል አላውቅም።

ዶክተሯ ለዕረፍት ወደ አገሯ ስትሄድ ገንዳውን ማን ዘንድ ላስቀምጥ ብላ አላመነታችም። ጎረምሶች ተሸክመው እኛ ቤት አስገቡት። አማርኛዋ ያኔ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር። ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀስራ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ፀሐይ የለም!» አለችኝ። ከዚያ የምግባቸውን ቆርቆሮ አንስታ እያንቀጫቀጨች፣ «ብዙ ምግብ የለም!» አለች።

አንጀቴን በላችው። ስለ አገሯ ብርድ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ቆርቆሮዋም ብትሆን ግማሽ ናት። እነዚህ ምስኪኖች በብርድና በረሃብ ነው ያደጉት ማለት ነው። ደረቴን መታሁና፣ «አይዞዎት ዶክተር፤ እኔ ቤት ሁሉም አለ! ፀሐይም አለ፣ ምግብም አለ!» አልኳት።

ቅንድቧን ሰበሰበች። «የለም! የለም!»

«አለ! አለ!»

«የለም!»

እንዲህ እየተባባልን መኪናዋ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ከተነሳ በኋላ እንኳ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «የለም!» ስትል ነበር። እንደዚያ በድህነቷ ያዘነች ሴት አይቼ አላውቅም።

አስካለ እንባዋን ጠረገችና እጄን ያዘች። «ስማኝ አንተ ሰውዬ። ይቺ ሴት ስትመለስ ምላጭ ይዛ ግራ ዓይኔ ውስጥ ልትገባ ነው። ክረምትካዎቿ ቢሞቱባት የተናደደ እጅ ነው ዓይኔ ውስጥ የሚገባው። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። ለእኔ የማይገባ ነገር የለም።

ገንዳውን በምሥራቁ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋት ፀሐዩ ሙሉ ለሙሉ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ሲዞርስ? እዚህ ላይ ነው ሰውና ሰው የሚለየው። የአስካለን መስታወት ከግድግዳ አውርጄ፣ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አቁሜ፣ እየሄደ ያለውን ፀሐይ ከመንገዱ መልሼ በዚያው መስኮት ላክሁላቸው። በእኔ ቤት ፀሐይ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ምግቡንም ቆርቆሮው ላይ አልተውኩትም። ጠዋት በሶ፣ ቀን የእንቁላል አስኳል፣ ማታ የድርቆሽ ዱቄት። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉን አስቀርቼ የጾም አበላቸዋለሁ፤ አገሩ ላይ እስካሉ ድረስ የአገሩን ሥርዓት ይልመዱ ብዬ።

መጀመሪያ ውኃው ትንሽ አረንጓዴ መሰለ። ለመለመ አልኩና ደስ አለኝ። ቀጥሎ መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ድንጋዮቹ ጢም አበቀሉ። ጢም ስላችሁ ጢም ነው፤ ረጅም፣ ሐር የመሰለ፣ ውኃው ሲነካ ወዲያና ወዲህ የሚል፣ የገዳም አባት የሚቀናበት ጢም። ሳሩን ተጠመጠመበት፣ አሸዋውን ሸፈነው፣ በመጨረሻም ገንዳው የጎመን ወጥ መሰለ።

«የት ሄዱ?» አለች አስካለ፣ በአንድ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ።

«ውስጥ ናቸው።»

«የቱ ውስጥ?»

ትግሉ ተጀመረ። በቃጫ ፈተግሁት፤ ባደረ ጊዜ ተመልሶ በቀለ። አስካለ የጠላ ጋን በምታጥብበት በግራዋ ቅጠል መስታወቱን አሸሁት፤ ክረምትካዎቹ ከየተደበቁበት ወጥተው አንድ ጥግ ላይ ተደራረቡና ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እንደዚያ ያለ አስተያየት አንድ ጊዜ ከአማቴ ብቻ ነው ያየሁት። ፈጥኜ ውኃውን ቀየርኩ። ጎረቤቱም ዝም አላለም፤ አንዱ አመድ በትንበት፣ አንዷ ሎሚ ጨምቅበት፣ ሌላው ደግሞ ከላይ ናፍጣ አድርግበት ይለኛል። ያልተማረ ሰው ምክር ሲሰጥ አይቸግረውም።

እኔ ግን ነገሩን በሳይንስ አሰብኩበትና ጥፋቱ የቧንቧው ውኃ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጀሪካኔን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። እንጦጦ ማርያም ድረስ ያለውን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው እንኳ ሦስት አራት ጊዜ ኃጢአቱን ያስባል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ላይ አገኙኝና አንዷ፣ «አባባ፣ ይሄን ያህል ዳገት ለውኃ? ታች ዝናብ የለም እንዴ?» ብላ ጓደኞቿን አሳቀች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ጥርት ያለች ምንጭ አለች። እሷን ስቀዳ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጥላቸውን ይዘው መጡ።

«ለማን ነው የምትቀዳው ልጄ? የታመመ አለ?»

«ለክረምትካ ነው አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይማራት። ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?»

«የላትም አባቴ። አንድ ደግሞ አይደለችም፤ ብዙ ናቸው።»

«ብዙ ሆነው ያልተጠመቁ?» አሉና ጥላቸውን ጣሉት።

ለማስረዳት እንዳልሞክር እየመሸብኝ ነበር፤ ጸሎታቸውን ተቀብዬ ወረድኩ። ያ የእንጦጦ ውኃ ለአረንጓዴው ጢም ምን እንዳደረገለት ልንገራችሁ? ሪዝ ጨመረለት።

ያን ጊዜ የጠላቴን ስም ማወቅ አለብኝ አልኩ። ስሙን የማታውቀውን ነገር መጠገን አትችልም። ከሣጥኔ የቆየ የሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ አውጥቼ ሳገላብጥ አገኘሁት፤ በውኃ ውስጥ የሚበቅል፣ ሥርም ግንድም የሌለው፣ አረንጓዴ፤ ስሙ «አልጌ»። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! በሰፈሩ ይህን ቃል የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቅሶ ቤትም፣ በዕድርም፣ በአውቶቡስ ውስጥም፣ ቦታ እየፈለግሁ አልጌ ማለት ጀመርኩ።

ቦታው ግን አንድ ቀን የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ሆነ። ከፊቴ የቆመው ወዳጄ ሐጂ ኑሩ ነው፤ መገናኛ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ቀልድ ካላገኘ የማይመሽለት ሰው። ዞር ብሎ፣ «እሺ ጋሼ፣ ያ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» አለኝ።

«አልጌው ተመለሰ!» አልኩ። እኔ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም፤ ሌላውም ይማር ብዬ።

«ኧረ ባክህ!»

«ጠርጌ ባጠፋው ተመለሰ። ተደብቆ ነው እንጂ አልሞተም። ትንሽ ፀሐይ ካገኘ ደግሞ ማንም አያቆመውም!»

«ታዲያ ምን ታስባለህ?»

«ለዚሁ ጉዳይ እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ዋናው ምንጭ ያለው እዚያ ነው። ብቻዬን ግን አልቻልኩም፤ የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከፊቴ የነበሩት ስኳራቸውን ትተው ሄዱ። እኔ ትምህርቴ ልባቸውን ነክቶት ነው ብዬ ወደ ፊት ተጠጋሁና በዚያ ቀን ስኳር ካገኙት የመጀመሪያው ሆንኩ።

ለልጆች ማስረዳት አለብኝ። አልጋ ማለት የምንተኛበት ብቻ አይደለም፤ የንጉሡም ዙፋን አልጋ ነው የሚባለው፤ የንጉሡን ልጅ አልጋ ወራሽ የምንለው ለዚያ ነው። ያኔ ያ አልጋ ከተገለበጠ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ የፊት ጥርሴ አንዱ ወልቆ ነበርና፣ ጌ ብዬ የላክሁት ጋ ሆኖ ደርሷል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ በሕዝብ መሃል ቆሞ፣ አልጋው ተመለሰ፣ ተደብቆ ነው እንጂ አልሞተም፣ ምንጩ የድሮ ቤተ መንግሥት ካለበት ከእንጦጦ ነው፣ የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ ሲል አስቡት። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል ከቤቱ ወጥቶ ቀርቷል።

በማግስቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ አንግበው መጡ።

«ጋሼ፣ አልጋው የት ነው?»

«የትኛው አልጋ?»

«"አልጋው ባስቸኳይ ይያዝ" ነው የተባልነው።»

ጓዳ ገቡና አገኙት። ደህና የሽቦ አልጋ ነበር፤ ጎኑን እኔ ራሴ በየድኩት። ፍራሹን አውርደው አልጋውን ሲያነሱ አስካለ በሩ ላይ ቆመች።

«የኔ ልጆች፣ አልጋው ምን አጠፋ?»

«እትዬ አስካለ፣ ትዕዛዝ ነው።»

«ትዕዛዝ ነው! እኔስ የት ልተኛ? ቀበሌ መጥቼ ልተኛበት?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በአልጋ ብቻ ያልቅ ነበር። ግን እውቀት ያለው ሰው ስህተት ሲያይ ዝም ማለት አይችልም፤ ሕመም ነው። «እናንተ ደንቆሮዎች፣» አልኳቸው፣ «የተላካችሁት ለአልጋው ሳይሆን ለአልጌው ነው! አልጌው ያውላችሁ!» ብዬ ገንዳውን አሳየኋቸው።

ተያዩ። ትልቁ ጓድ ሲያስብ ቆይቶ፣ «ሁለቱንም እንያዝ» አለ።

ውኃውን አጎደሉት፣ ገንዳውን አልጋው ላይ ጫኑት፣ ነጠላ ጣል አደረጉበት፣ ከዚያ ጎረቤት ጠርተው አልጋውን በአራት ማዕዘን በትከሻ ተሸከሙት። ምን እንደሚመስል ታያላችሁ አይደል? ከቤታችን በነጠላ የተሸፈነ ነገር በአልጋ ሲወጣ ያየው ሰፈርተኛ ሁሉ ወጣ። ሴቶች ደረታቸውን መቱ። አንዷ «ጋሼዬን! ገና ምኑን አይተው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ፣ «አለሁ፣ አለሁ» ብል ማን ይሰማኛል? አንድ ሽማግሌማ ጎኔ መጥቶ፣ «አይዞህ፤ ጥሩ ሰው ነበር» አለኝ። ከሬሳ ጋር የሚሄድ ሰው ማንነት አይጠየቅም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ፣ ሱሪ ሳይታጠቅ የማውቀው ልጅ ነው። ያን ዕለት ግን ፊቱን አኮሳትሮ ተቀመጠ።

«ጓድ፣ ስለ አልጋው መመለስ በሕዝብ ፊት ተናግረዋል?»

«ስለ አልጌው ተናግሬአለሁ።»

«እሱን ነው የምልዎ። ማን ነው የሚመልሰው?»

«ማንም። ራሱ ነው የሚመለሰው። ብርሃንና ምግብ ካገኘ ይራባል።»

«ምግብ የሚያቀርብለት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ በኩራት። «የማልክደውን ነገር አትጠይቀኝ።»

ደምሴ ግንባሩን ጠረገ። «ጋሼ፣ ኧረ ይካዱ! እባክዎ ትንሽ ይካዱ!»

«ለምን እክዳለሁ? በመስታወት ፀሐይ የመለስኩለት እኔ ነኝ!»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ደምሴ ወደ ገንዳው ጠጋ ብሎ አፍጥጦ አየና፣ «ይሄ ጎመን የማን ነው?» አለ።

እዚህ ላይ ነበር ምላሴን የያዝኩት። የዶክተሯ ነው ብል ወሬው ሐኪም ቤት ይደርሳል፤ ሐኪም ቤት ከደረሰ አገሯ ይደርሳል፤ አገሯ ከደረሰ የአስካለ ግራ ዓይን አበቃለት። «የእኔ ነው» አልኩ። በሕይወቴ ሌላ ሰው የሠራውን የእኔ ነው ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አስካለ ሌላም ጊዜ አለ ትላለች።

ደምሴ ነገሩን ለበላይ አካል አቀርባለሁ አለ። እስከዚያው አልጋውና በላዩ ያለው ሁሉ በቀበሌው መጋዘን ታግዶ እንዲቆይ ወሰነ። «እርስዎ ግን ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለኝና፣ ጸሐፊው እስኪወጣ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለጥገና የሰጠሁዎት ሬዲዮኔ አላለቀችም እንዴ?»

«ነገ ከነገ ወዲያ ናት።»

«ይቺን ይጨርሱልኝና ከዚያ እናስርዎታለን።»

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ገንዳውን አልጋው ላይ እንዳለ ከግድግዳ አስጠግተው፣ አቧራ እንዳይነካው ብለው ከአብዮት በዓል የተረፈ ቀይ ጨርቅ ደራርበው ሸፈኑት። እኔ በየዕለቱ ከበሩ አልጠፋም። ጥበቃው ልቡ ደህና፣ ትዕዛዝ ላይ ግን ግትር የሆነ ሰው ነው።

«ልጄ፣ በሩን ትንሽ ክፈትላቸው፤ ፀሐይ ይግባ።»

ጣቱን ቀሰረ፣ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ፀሐይ የለም!»

«እንግዲያስ ይቺን በሶ በትንላቸው።»

«ምግብም የለም!»

ይህን ፊት፣ ይህን ጣት የት ነው የማውቀው? አልኩ በልቤ። ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። እኔና አስካለ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን። ከጎኔ ሆና፣ «ክረምትካዎቹ አልጋችን ላይ ተኝተው እኔ መሬት» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ሳትቀልድ፣ «የበራልኝ ዓይን ብቻውን ሲደክመው ጉሙ የተመለሰ ይመስለኛል። ግራዬ ይብራልኝ እንጂ መሬቱስ ግድ የለም» ትላለች። ያን ጊዜ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

አንድ ጠዋት የዶክተሯ መኪና ጡሩንባ ተሰማ። ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ በራችንን ጎንበስ ብላ ገባች። መስኮቱ ሥር ባዶ ነው።

«ክሬቬትካ?»

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አስካለ ቀደመችኝ። «ታስረዋል» አለች። ሁለት እጇን አጋጥማ በምልክት አሳየቻት።

ዶክተሯ የሄደችበትን ፍጥነት ልነግራችሁ አልችልም። ቀበሌ ስንደርስ እኔ ትንፋሽ አጥሮኛል። ደምሴ ያቺን የምታህል ሴት በሩን ሞልታ ሲያይ ተነሣ። «እኔ ክሬቬትካ! እኔ!» ትላለች ደረቷን እየመታች። ደምሴ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ምን እያለች ነው?»

«የእኔ ናቸው እያለች ነው።»

«ምኖቹ?»

«መጋዘን ያስቆለፍክባቸው።»

የሰው ፊት ከቀይ ወደ አመድ ሲለወጥ አይቻለሁ። «የወዳጅ አገር ንብረት ነው?» አለ በሹክሹክታ። «የሶቭየት ኅብረትን... ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም!»

«መቼ በሥርዓት ጠየቅኸኝ?»

«ሞተው ከሆነስ?»

«ሞተው ከሆነ ያሰርካቸው አንተ ነህ።»

«አደራ የተቀበሏቸው እርስዎ ነዎት!»

«እንግዲያውስ ሁለታችንም ነን» አልኩ፤ ተያይዘን ወደ መጋዘኑ ሄድን። አስካለ ደርሳ ከኋላችን ቆማለች፤ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍናለች፤ ምላጩ ከአሁኑ የመጣባት ይመስል። ጥበቃው ቁልፉን ሲፈልግ ሁላችንም በየሃይማኖታችን ጸለይን፤ ደምሴም ጭምር፤ ሃይማኖት ተከልክሎበት ሳለ።

ዶክተሯ ቀዩን ጨርቅ ገፈፈችው።

ውኃው ጠርቷል። እንዲያው ዝም ብሎ መጥራት አይደለም፤ ውኃ የሌለ እስኪመስል ጠርቷል። ጢሙ ከድንጋዩ ላይ ረግፏል፤ የቀረውን ክረምትካዎቹ ሌላ የሚበላ ቢያጡ ሲግጡት ሰንብተዋል። ሳሩ ትንሽ ገርጥቷል እንጂ ቆሟል። በመሃሉም እናቶቹ ከነልጆቻቸው፣ ነጥብ ነጥብ ከሚያካክሉ ልጆቻቸው ጋር ሽር ይላሉ።

ዶክተሯ ቀና አለች። ጨለማውን ክፍል፣ የተቆለፈውን በር፣ የተቆለለውን ጨርቅ ተራ በተራ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጣቷን ቀሰረች። «ፀሐይ የለም?»

ያን ጊዜ ነው በአንዴ የበራልኝ። ይቺ ሴት ስትለኝ የነበረው እኮ የአገሯን ችግር አይደለም! «የለም» ስትል «አይሆንም፣ እንዳታደርግ» ማለቷ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ «የለም!» አልኳት።

«ብዙ ምግብ የለም?»

«ኧረ ዶክተር፣ በጭራሽ የለም!»

አንስታ አቀፈችኝ። እግሬ መሬት ለቀቀ። ከትከሻዋ በላይ ሆኜ ሳይ ደምሴ ወገቡን ይዞ፣ «ቀበሌው ባደረገው ክትትል ነው» እያለ ለጥበቃው ያስረዳል። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይም «አልጌን በማያዳግም ሁኔታ አስወግደናል» ብሎ ሪፖርት አቀረበና ከከፍተኛ የመጡት እንግዳ ቆመው አጨበጨቡ። ምን እንደሰሙ እሳቸው ያውቃሉ። ነገሬም በዚያው ተዘጋ፤ ሬዲዮኑንም መልሼለታለሁ።

ሐጂ ኑሩ ይህን ሁሉ ስነግረው እንደገና የስኳር ሰልፍ ላይ ነበርን። ሲስቅ ቆቡ ወደቀበት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ የተወለዱት አልጋው ላይ ነው ብለኸኛል አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲህ እነሱ አልጋ...»

«ዝም በል ሐጂ!» አልኩት። «ወላሂ ዝም በል! አልጋዬን ገና ትናንት ነው የመለሱልኝ።»

የአስካለ ግራ ዓይን በሳምንቱ ተሠራ። የዶክተሯ እጅ አልተናደደም። ፋሻው ዶክተሯ ቤት ሲፈታ አስካለ በሁለት ዓይኗ መጀመሪያ ገንዳውን አየች፣ «እልል!» አለች። ከዚያ እኔን አየች፤ ረጅም ጊዜ። ቀረብ ብላ ጢሜን ያዘች፤ ክረምትካዎቹ ከታሰሩ ጀምሮ ሐሳብ ይዞኝ አልተላጨሁም ነበር። ከዚያም ወረድ ብላ ሆዴን አየች።

ዶክተሯ አገሯ ከገባች ስንት ዘመኗ። ገንዳውን ለእኔ ትታልኝ ሄዳለች፤ የክረምትካዎቹ ዘር በእኔ ዕውቀት እስከ ዛሬ አለ። አማርኛዋም እኛ ቤት ቀርቷል። እራት ላይ ሁለተኛ እንጀራ ለማንሳት እጄን ስሰድ፣ አስካለ በሁለት ጥርት ያሉ ዓይኖቿ አይታ ጣቷን ትቀስራለች።

«ብዙ ምግብ የለም!»

«አለ! አለ!» እላታለሁ።

«የለም!» ትልና የመሶቡን ክዳን ትደፋዋለች።